ደጋ ዳሞት ያልተጠራበት ጉባኤ

ስሙማ፣ የዛሬው ነገር ከፈረስ ቤት ይነሳል፤ አራት ኪሎ ደርሶም ይመለሳል። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ወደ ደጋው ሽቅብ ለወጣ ሰው በቆሎውና በርበሬው ከኋላው ይቀራል፤ ገብሱና ድንቹ፣ ብርዱም ይቀበሉታል። አገሩ ደጋ ዳሞት ነው፤ ዋና ከተማው ፈረስ ቤት። እዚያ ካለ ገበሬ ጋር ስለ ሕግ ለማውራት የፈለገ ሰው ከመሬት መጀመር አለበት፤ ሕግ ወደዚያ አገር የገባው ሁልጊዜ በመሬት በር ነውና።

በድሮው ሥርዓት ርስት እንዲህ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀና አንድ አባት አለ፤ አቅኚ አባት ይባላል። ከእርሱ በእናቱም በአባቱም በኩል ዘር የሚቆጥር ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ድርሻዬን ስጡኝ ብሎ መሟገት ይችላል። ግብሩ የሚገባው በአቅኚው ስም ነው፤ ተወላጁ እርስ በርሱ ይከፋፈለዋል። ማን ስንት ጥማድ እንደሚያርስ የሚያውቀው ዘመድና ጎረቤት ነው፤ የመንግሥት መዝገብ አያውቀውም። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን አጥንቷል። በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የርስትን ነገር የሚያጠና ሁሉ ሳያነሳው አያልፍም። ዓለም ስለ አማራ ርስት ያወቀውን ብዙውን ያወቀው በደጋ ዳሞት በኩል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንግዲህ መዝገብ አለመኖሩ ለገበሬው መከታ ነበር። ለመንግሥት ግን ሁለት ነገር ማጣት ነው፤ ገንዘብም ያጣል፣ ማን ምን እንዳለው ማወቅም ያጣል። ጣሊያን እንደወጣ በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ። መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ይለይ፤ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ይከፈልበት ተባለ። ጋሻ ለመቁጠር መለካት ግድ ነው። መለካት ማለት ደግሞ ቃላድ የሚባለውን ገመድ መጣል ነው። ቃላድ በደቡብ ምን እንዳደረገ ጎጃም ሰምቷል፤ ገመዱ ባለፈበት ባለአገሩ ጭሰኛ ሆኗል። ስለዚህ ጎጃም እምቢ አለ። አምስት ዓመት ጫካ ሆኖ ጣሊያንን የተዋጋ ሰው ጠመንጃው ገና ከእጁ አልወጣም ነበር። መንግሥትም በ1937 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ የመሬት ግብራቸውን ከወረራው በፊት ይከፍሉ በነበረው ልክ እንዲቀጥሉ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በጥር ወር የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የግብሩ እፎይታና የአርበኛው ስቅላት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው የመጡት። ጎጃም ሁለቱንም አልረሳም። በ1943 ዓ.ም. የልኬታው ነገር እንደገና ሲነሳ እንደገና ሸፈተ።

አሁን ምክር ቤቱ ወዳለበት ወደ አራት ኪሎ እንሂድ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ። በእርሱ መሠረት ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ። ወደ 200 ሺህ ሰው ለሚኖርበት የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴ። ያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው። ከበላዩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አለ፤ የእርሱን አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። መራጩ ማንም ይሁን፣ ተመራጩ ግን በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነው ይህን ያዘዘው። እንግዲህ አስቡት። ሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ፣ በሬው እንኳ የጌታው የሆነ ሰው፣ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ግን አይችልም። ወንበሩ የባለመሬቱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያ ሕገ መንግሥት ከንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ከሁለቱ ምክር ቤቶች በአንዱ አሥር አባላት ከተስማሙ የሕግ ሐሳብ ማቅረብ ይችሉ ነበር። አሥር ሰው ብቻ! በወረቀት ላይ ሲታይ በሩ ሰፊ ነው። ይህን አሥር የሚል ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከዓመታት በኋላ የገንዘብ ሚኒስትሩ ይልማ ዴሬሳ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ረቂቅ ምክር ቤት ደረሰ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ አስራት፣ ማለትም ከምርት የሚከፈለው አንድ አሥረኛ፣ ይቅር፤ በምትኩ ገበሬውም ባለርስቱም ከእርሻ በሚያገኘው ገቢ ልክ ግብር ይክፈል። ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት። እውነቱን እንናገር፣ በወረቀት ላይ ከአስራት የተሻለ ፍትሕ ነበረው። አስራትን ባለርስቱ ወደ ጭሰኛው ትከሻ ያሻግረው ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን ባለርስቱን ከመሬት ኪራይ ከሚያገኘው ገቢ ሊያስከፍለው ነው የመጣው። ታዲያ ረቂቁን የሚመረምሩት እነማን ናቸው? እነዚያው ባለርስቶች። ፒተር ሽዋብ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር የዚህን ሕግ ጉዞ ከሚኒስቴሩ እስከ ምክር ቤቱ ተከትሎ መጽሐፍ ጽፎበታል። እንደራሴዎቹ ተከራከሩ፣ አለዘቡት፣ በመጨረሻም አሳለፉት። ኅዳር 1960 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 255 ሆኖ ወጣ።

ይህን እያየ ምክር ቤቱ ሥራውን ሠራ የሚል አለ። ሕጉ ወጣ እኮ! እኔ ግን የወጣውን ሕግ ብቻ ዓይቶ መፍረድ ትልቅ ስሕተት ነው እላለሁ። ሳይወጣ የቀረውን እንይ።

የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ምክር ቤቱ ተሰልፈው ነበር። ቀኑን የመረጡት በዘፈቀደ አይደለም፤ በባለመሬትና በጭሰኛ መካከል ያለውን ውል የሚያስተካክል ረቂቅ በዚያ ሰሞን ምክር ቤት ገብቶ ነበር። ረቂቁ አልጸደቀም። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ እርሱም ረቂቅ አዘጋጅቶ ላከ። አሁንም አልጸደቀም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመላልሶ መጣ፤ ዘውዱ እስኪወድቅ ድረስ ምክር ቤቱ ውስጥ ቀረ። ጭሰኛው መሬት ይሰጠው አላለም እኮ ረቂቁ፤ ኪራዩ ልክ ይኑረው፣ ያለ ምክንያት አይፈናቀል ነው ያለው። ይኸም በዛ ተባለ። የምክር ቤት ጉልበት የሚታየው እንዲህ ነው፤ ማንም «እቃወማለሁ» ብሎ ስሙን ሳያስጽፍ፣ ኮሚቴ ወደ ኮሚቴ እያስተላለፈ፣ ክረምት ሲመጣ እረፍት እየወጣ፣ የሚሊዮኖችን ጉዳይ ያስረጃል። አሥር ሰው በቂ ነው የሚለው አንቀጽ ለጭሰኛው ምን ጠቀመው? ከባለመሬት መካከል ለጭሰኛ የሚቆም አሥር ሰው ከየት ይምጣ?

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ የፓርላማ እናት ትባላለች። በ1815 እ.ኤ.አ. ባለመሬት የሞላበት ፓርላማዋ ዋጋው እስኪወደድ ድረስ የውጭ ስንዴ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የባለመሬቱ እህል ተወደደ፤ የሠራተኛው ዳቦም አብሮ ተወደደ። ሕጉ የተሻረው በ1846 ነው፤ የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ የፋብሪካ ባለቤቶችና ነጋዴዎች ፓርላማ ውስጥ ቦታ ካገኙ በኋላ፣ አየርላንድም በረሃብ እያለቀች ሳለ። በአሜሪካም ከ1836 እስከ 1844 እ.ኤ.አ. ባርነት ይቅር የሚል የሕዝብ አቤቱታ ለእንደራሴዎች ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ሳይነበብና ሳይወያዩበት ወደ ጎን እንዲቀመጥ የሚያዝ ደንብ ነበረ። ባርነት ይቀጥል ብሎ ድምፅ መስጠት ያሳፍራል፤ አይነሳብን ማለት ግን ቀላል ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ዋናው ነገር ገና ነው።

አዋጅ ቁጥር 255 ጎጃም ገባ። የገባው ግን ወሬው እንጂ አዋጁ ራሱ አይደለም። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ናቸው፤ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀምጠዋል። በዘመናቸው መዋጮ በዝቷል፤ ጠመንጃ ይመዝገብ ተብሏል፤ ሹማምንቱ ጉቦ ይበላሉ ተብሎ በየገበያው ይወራል። በዚህ ላይ የገቢ ግምት የሚያወጣ ኮሚቴ ሊመጣ ነው ተባለ። ገበሬው ምን ሰማ? ገማች ይመጣል፤ ስምህን ይጽፋል፤ መሬትህን በስምህ ይመዘግባል። የአቅኚው አባት ስም ይሰረዛል። ከዚያ ቃላድ ይከተላል። ከቃላድ በኋላ የሚሆነውን ያውቃል።

ሕጉ ይህን አላለም። ግን ገበሬው ሕጉን ማን አነበበለት? በሕጉ ላይ ማን አማከረው? ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በመጣ ቁጥር ልኬታ ይዞ ነው የመጣው። ያ ሰው ሕጉን ስላልተረዳ ሸፈተ የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን አልቀበልም። ገበሬው የአንቀጹን ቃል ባይረዳ የመንግሥቱን ጠባይ ተረድቷል። መዝገብ ከተከፈተ በኋላ የሚዘጋው በማን ፈቃድ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

ደንቡን ግን አልዘለለም። መጀመሪያ አቤት አለ። ሽማግሌ መርጦ ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ ጃንሆይ ይስሙን አለ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ ያደገ ሰው ክሱን ያቀረበው በንጉሡ ላይ አይደለም፤ በገዢውና በሕጉ ላይ ነው። መልሱ ሕጉ ሕግ ነው፣ ክፈሉ የሚል ሆነ። ይህን መልስ ይዞ አባይን ተሻግሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ሽማግሌ ለመንደሩ ሰው ምን ብሎ እንደነገረ እኛ አልነበርንም፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እናውቃለን። በ1960 ዓ.ም. አጋማሽ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሱ። ገማች ኮሚቴ እንዳይገባ መንገድ ተዘጋ። ፖሊስ ተላከ፣ ተመለሰ። ጦር ተላከ። ከዚያ አውሮፕላን መጣና መንደር ደበደበ። በጣሊያን ጊዜ ከሰማይ የወረደበትን እሳት የሚያስታውስ አባት፣ ከራሱ ንጉሥ አውሮፕላን ልጆቹን ይዞ ገደል ውስጥ ተደበቀ። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ በኢትዮጵያ የገበሬ አመፆች ላይ በጻፈው መጽሐፍ ከሦስቱ ታላላቅ አመፆች አንዱ አድርጎ ያጠናው ይህንኑ የጎጃምን አመፅ ነው።

አመፁ ምን ጠየቀ? ሕጉ ይቅር፤ ፀሐዩ ይነሳልን። ከዚህ የዘለለ አልጠየቀም። መንግሥት ይውደቅ አላለም፤ መሬት ለአራሹ አላለም፤ መሬቱ ቀድሞም የራሱ ነውና። መንግሥትም በመጨረሻ ፈራ። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሱ፤ በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተሾሙ። ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። በአዋጅ ቁጥር 255 የተጣለው ግብር በጎጃም ወረቀት ላይ ቀረ።

አሁን ሁለቱን አስተያዩልኝ። የደቡቡ ባለርስት ከእንደራሴው ጋር ምሳ በልቶ የጭሰኛውን ረቂቅ አስቀረ። የዳሞት ገበሬ የመጣበትን ሕግ ለማስቀረት ልጆቹን ቀበረ። ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ። ዋጋው ግን እንዴት ይነጻጸራል? አንደኛው ጉባኤው ውስጥ ነበር፣ ሌላኛው ውጭ። ከጎጃም የተመረጡ እንደራሴዎች እዚያ አልነበሩም ወይ? ነበሩ። ነገር ግን ፓርቲ በሌለበት፣ እንደራሴው ለመረጠው ሕዝብ ሒሳብ የሚያወራርድበት መንገድ በሌለበት፣ ወንበር መኖር ብቻውን ድምፅ አይሆንም።

ከዚያ ደርግ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። ምክር ቤቱ ዓመት ከዓመት ያስረጀውን ነገር ደርግ ያለ ምክር ቤት በአንድ ቀን ጨረሰው። ለደቡቡ ጭሰኛ ነጻነት ነበር። በደጋ ዳሞት ግን ርስት የሚባለው ነገር በሕግ ሞተ። አሁንም ገበሬውን የጠየቀ አልነበረም።

ኢሕአዴግ ሲመጣ ምርጫም ምክር ቤትም ተመለሱ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ አዋጅ ወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 16/1989። ጎጃም ላይ ሲደርስ ገበሬው በደረጃ ተከፈለ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ኃላፊ የነበረ ሰው «ቢሮክራሲ» ተባለና ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ድረስ መያዝ ይችላል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው። ትናንት መንግሥት ሾሞት ቀበሌ የመራ ገበሬ፣ አዲሱ መንግሥት ሲመጣ በዚያው ሹመት መሬቱ ተነጠቀ። የክልሉ ምክር ቤት ይህን ሲያጸድቅ ወንበሮቹ የአንድ ድርጅት ነበሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት አካባቢ ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደግፈዋቸው ተሰለፉ። የ1960ዎቹ ሽማግሌዎች የሄዱበትን መንገድ ልጆቻቸው ደገሙት፤ ሽግሽጉ ግን አልተመለሰም።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አምጡልኝ።

በንጉሡ ጊዜ የሕግ ሐሳብ ለማቅረብ አሥር ሰው ይበቃ ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጀንዳ ለማስያዝ ሃያ አባላት ይበቁ ነበር። ግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ሆነ። ተቃዋሚዎች ከ547ቱ ወንበሮች ከመቶ ሰባ በላይ አገኙ፤ ሃያ ሰው ለማሰባሰብ ከበቂ በላይ ነው። አዲሶቹ ገና ሳይገቡ፣ የሥራ ዘመኑ ሊያልቅ ቀናት የቀሩት ነባሩ ምክር ቤት ተሰበሰበና ደንቡን ቀየረ፦ ከእንግዲህ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ አባላት ያስፈልጋሉ። አያችሁ? ማንም እንዳይናገር አልተከለከለም፤ ማንም እንዳይመረጥ አልተከለከለም። ምን እንደሚነጋገሩ የመወሰን ሥልጣኑ ግን ቀድሞውኑ አሸናፊ በሆነው ፓርቲ እጅ ገባ። በዚያን ሰሞን አገር ስለ ድምፅ ቆጠራ፣ ስለ ኮሮጆ፣ ስለ ቅሬታ ሲነጋገር ይህ ለውጥ ብዙ ሰው ጆሮ ሳይገባ አለፈ። ለእኔ ግን የዚያ ዓመት ከባድ ቁልፍ እርሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጭ ምክር ቤት የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. አንድም አልገባም። ያኔ ሃያ ይሁን ከግማሽ በላይ ይሁን ለውጥ አልነበረውም።

ከአሥር ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ ግማሽ። ምርጫው እየሰፋ፣ መራጩ እየበዛ ሲሄድ፣ አጀንዳ የሚያዝበት በር እየጠበበ ሄደ። ገዢ ፓርቲ ሁሉ፣ በየትም አገር፣ የራሱን ጉዳይ ማስቀደሙ አይቀርም፤ ለዚያ ነው የተመረጠው። ነገር ግን ለተሸናፊው ወገን ቢያንስ ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚያነብበት፣ አሸናፊውም አዎ ወይም አይደለም ብሎ ስሙን የሚያስጽፍበት ደንብ ከሌለ፣ ጥያቄው ሌላ ቦታ ፈልጎ ይወጣል። ዳሞት ላይ በ1960 ዓ.ም. የወጣው በጠመንጃ አፈሙዝ ነው።

የመጨረሻውን ልንገራችሁና ላብቃ። በ2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1324 ነው። ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከባንክ እንዲበደር ይፈቅዳል። ለማዳበሪያ ዕዳ ለሚጨነቅ ገበሬ ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል። ዕዳውን መክፈል ላቃተው ደግሞ መሬቱን ለዓመታት ለአበዳሪው አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። የፈረስ ቤት፣ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም ገበሬ በዚህ ላይ የሚለው ብዙ ነበረው። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ በዚያው ምክር ቤት የጸደቀ፣ የሕዝብ ስብሰባን ለመከልከል ሥልጣን የሚሰጥ አዋጅ፤ የ2016 ዓ.ም.ን አብዛኛውን ወራት ጸንቶ ቆየ። ምዕራብ ጎጃም የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር የከረመው። የመሬቱ አዋጅ የጸደቀውም በዚያው ዓመት ነው። አሁን አዋጁ ሥራ ላይ ነው፤ የይዞታ ደብተር ይዞ ወደ ባንክ የሚሄደው ገበሬም በአንቀጹ ላይ አስተያየቱን የሚሰጥበት ጉባኤ ገና አልተጠራለትም።